ወደ ዱብሉቅ ለምትወርድ ልጄ

ነገሌ ቦረና፣ መስከረም 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ፤

እናትሽ ጉልበቷን ታማለች እንጂ ሌላ ክፉ ነገር የለም። የሀገያው ዝናብ ገና አልጣለም፤ ሰዉ ሁሉ ሰማይ ሰማይ እያየ ነው።

ያቤሎ ቤት ተከራይተሽ፣ ወደ ዱብሉቅ እየወረድሽ ከሴቶቹ ጋር በውሃ ጉዳይ ልትሠሪ መሆኑን ስትነግሪኝ ደስ አለኝ፤ ትንሽም ፈራሁ። «አባዬ፣ ሥራዬ ሕዝቡን ማደራጀት ነው» አልሽኝ። ዕድሜውን በጠመኔ የጨረሰ ሰው በስልክ መምከር አይሆንለትም፤ ካርዱም ያልቅበታል። ስለዚህ ጻፍኩልሽ።

ሰው ላደራጅ ብለሽ ስትሄጂ፣ ሰዉ ምን እንደሚያስታውስ አስቀድመሽ እወቂ። በዚህ አገር መደራጀት ከላይ ታዝዞ የሚመጣ ነገር ሆኖ ኖሯል። በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር፣ የቀበሌ ማኅበር፣ የሴቶች ማኅበር፣ የወጣቶች ማኅበር ነበር። በኢሕአዴግ ጊዜ ደግሞ «አንድ ለአምስት» መጣ፤ አንዱ አምስቱን ያስተምር ተብሎ፣ ሰዉ ግን አንዱ አምስቱን ይጠብቅ ማለት ነው ብሎ ተረዳው። ስሙ በመዝገብ የሰፈረ ሰው መዝገቡ ማን እጅ እንደሚገባ ያስባል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን «ስም፣ ስልክ፣ ፊርማ» የሚል ወረቀት አታዙሪ። መሥሪያ ቤትሽ ወረቀቱን እንደሚፈልግ አውቃለሁ፤ ጥቂት ይታገሥ።

ሁለተኛው መዘዝ አበል ነው። በየከተማው ሆቴል አዳራሽ ስልጠና ሲጠራ የሚመጣውን ሰው ታውቂዋለሽ፤ አንዱን ሰው ሰኞ በጤና፣ ረቡዕ በእርቅ፣ ዓርብ በአየር ንብረት ስልጠና ላይ ታገኚዋለሽ። አልወቅሰውም፤ ኑሮው ነው። ነገር ግን በአበል የመጣ ሰው አበሉ ሲቀር ይቀራል። የመጀመሪያው ስብሰባሽ ከቡና በቀር ምንም የሌለበት ይሁን፤ ቡናውንም ባለቤቶቹ ያፍሉት። ቡና ቀላ ካቀረቡልሽ ፍሬውን ከነቅቤው አኝኪ፤ የከተማ ልጅ ነኝ ብለሽ አትግደርደሪ።

አሁን ስለ ሁለት ጉድጓዶች ልንገርሽ። አንደኛው እዚሁ ነገሌ ነው። ታሪኩን በክፍል አስተምሬሽ ነበር፤ ለፈተና ያጠናሽው ስለሆነ ሳትረሺው አልቀረሽም።

ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. ነገሌ የሰፈረው ብርጌድ ወታደሮች በመኮንኖቻቸው ላይ ተነሡ። የፖለቲካ ፕሮግራም አልነበራቸውም። ቀለቡ የማይበላ ነበር። የወታደሮቹ የውሃ ፓምፕ ተበላሽቶ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንቅዳ ሲሉ ተከለከሉ። መኮንኖቹን ያዟቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ነገሩን እንዲያበርዱ የምድር ጦር አዛዡን ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ላኩ፤ ወታደሮቹ እሳቸውንም ይዘው እነሱ የሚበሉትን አበሏቸው፣ እነሱ የሚጠጡትን አጠጧቸው። አንድ ገጽ ማመልከቻ ሳይጽፉ ጉዳዩን ለጄኔራሉ አቀመሱ። ከዚያ ወዲህ ያን ያህል ግልጽ አቤቱታ ሰምቻለሁ ብዬ መናገር ይከብደኛል።

ወሬው በጦር ሰፈሮች ሁሉ ተዛመተ። የካቲት ላይ የአሥመራው ጦር ተነሣ፤ የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች በነዳጅ ዋጋ፣ መምህራን በመንግሥት የትምህርት ዘርፍ ጥናት ምክንያት ሥራ አቆሙ፤ የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ወረደ፤ የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን አጠቃላይ አድማ መታ። ሰኔ 21 ቀን ደርግ ተቋቋመ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ከነገሌ ፓምፕ እስከ ቤተ መንግሥቱ ስምንት ወር ብቻ ነው።

ከተማችን በዚህ ትኮራለች፤ ትኩራ። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከስምንቱ ወር በኋላ ያለው ነው። ያን ሁሉ ሕዝብ ከቤቱ ያወጣው ጥያቄ የራሱ የሕዝቡ ነበር፤ የዳቦ፣ የነዳጅ፣ የደመወዝ፣ የመሬት ጥያቄ። ጥያቄው ሲሰማ ግን በየሰፈሩና በየመሥሪያ ቤቱ ተመካክሮ የሚወስንበት፣ የወከለውን ሰው ጠርቶ «ምን አደረግህልኝ?» የሚልበት ሥር የሰደደ ልማድ በእጁ አልነበረም። የነበሩት ማኅበራት ጨቅላ ነበሩ። ባዶውን ወንበር ቀድሞ የተደራጀው ያዘው፤ ቀድሞ የተደራጀውም ጠመንጃ ያለው ነበር። ከዚያ የሆነውን አልነግርሽም፤ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ያሉት የወጣቶች ፎቶዎች ይነግሩሻል።

ሁለተኛው ጉድጓድ አንቺ የምትሄጂበት ነው። ቦረናዎች ቱላ ሰግላን፣ ዘጠኙ ቱላዎች፣ ይሏቸዋል፤ ዱብሉቅ አንዱ ነው። ከብቱ መሬቱን ሰንጥቆ በተቆፈረ ረጅም መውረጃ ወደ ገንዳው ይወርዳል። ሰዎች ከታች ከውሃው እስከ ገንዳው ድረስ በመሰላል ላይ ተደራርበው ቆመው፣ ባልዲውን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ፣ እየዘፈኑ ያወጣሉ። ጎብኚ የሚወደው ዘፈኑን ነው፤ ስማቸውንም «ዘፋኞቹ ጉድጓዶች» ብሎታል። አንቺ ከዘፈኑ በፊት ያለውን አጥኚ። ጉድጓዱ ሸንጎ አለው። ቀድሞ ያስቆፈረው ሰው ወገን፣ ኮንፊ የሚባለው፣ የታወቀ ቦታ አለው። የዕለቱን ተራ የሚያስጠብቀው አባ ሄሬጋ ነው። የማን መንጋ መቼ እንደሚጠጣ፣ ማን ስንት ቀጂ እንደሚያቀርብ፣ ጭቃውን ማን እንደሚጠርግ፣ ተራ የጣሰ ምን እንደሚቀጣ ተነጋግረው የጨረሱት ጉዳይ ነው። ውሃው አይሸጥም። ከሌላ አካባቢ የመጣ ሰው ይጠይቃል፣ ይከራከራል፣ መጨረሻ ላይ ተራ ይሰጠዋል። በበጋ ከብቱ በሦስት ቀን አንዴ ነው የሚጠጣው፤ ያን ያህል የጠማው መንጋ ተራውን ሲጠብቅ ስታዪ ምን ያህል ንግግር ከበስተጀርባው እንዳለ ይገባሻል።

እኔ ላንቺ ያለኝ ምክር ከእነዚህ ከሁለቱ ጉድጓዶች መካከል ነው የሚወጣው። ቁጣ በር ይከፍታል፤ ነገሌ ከፍቷል። በሩ ከተከፈተ በኋላ ተራ የሚያስጠብቀው ሰው ግን ከቁጣው በፊት መገኘት አለበት። የውሃ ቦኖ እንዲተከል ከመጠየቃችሁ በፊት ቁልፉን ማን እንደሚይዝ፣ ሳንቲሙን ማን እንደሚቆጥር፣ ቧንቧው ሲሰበር ማን ማንን እንደሚጠራ ሴቶቹ ተጨቃጭቀው ይጨርሱ። ጭቅጭቁ ሁለት ወር ቢፈጅ አይቆጭሽ። ጥያቄው ሳይመለስ ቢቀር እንኳ ጭቅጭቁን የጨረሱት ሴቶች አሉ።

ይህ የእኛ አገር ነገር ብቻ እንዳይመስልሽ። በአሜሪካ፣ ሞንትጎመሪ በምትባል ከተማ፣ በ1955 እ.ኤ.አ. ጥቁሮች በከተማው አውቶቡስ አንሳፈርም ሲሉ ዓለም ያስታወሰው ሮዛ ፓርክስንና ማርቲን ሉተር ኪንግን ነው። 381 ቀን ያቆያቸው ግን ስምሪቱ ነበር፤ ማን በማን መኪና፣ ከየትኛው ማዕዘን፣ በስንት ሰዓት ወደ ሥራ እንደሚሄድ። የአድማውን ጥሪ በአንድ ሌሊት አባዝተው የበተኑት ጆ አን ሮቢንሰንና ባልደረቦቿም ከዓመታት በፊት የተቋቋመ የሴቶች ማኅበር ነበራቸው። ሌሊቱ ሲመጣ ማን ቤት እንደሚንኳኳ ያውቁ ነበር።

ቱላውን እንድታመልኪው አይደለም። የመቅዳቱ ሥራ ከባድ ነው፤ ወጣቱ ወደ ሞያሌና ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ መሰላሉ ላይ የሚቆም ሰው ይሳሳል። ደግሞ ወንዶቹ ስለ ከብቱ ተራ ሲሟገቱ የቤቱን ውሃ በጀርባዋ የምታመላልሰው ሴት ናት፤ የእሷ ጄሪካን በሸንጎው ቃል ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚነሣ ቁጭ ብለሽ አዳምጪ። ሥራሽ ምናልባት እዚያ ላይ ይሆናል። ግን እኔ አልወስንልሽም፤ አንቺም አትወስኚላቸው።

የከምባታውን ነገር አስታውሺ። ቦጋለች ገብሬ ከውጭ አገር ተመልሰው ወደ ትውልድ ቦታቸው ሲገቡ ይዘውት የመጡት ጉዳይ የሴት ልጅ ግርዛትና ኤች አይ ቪ ነበር። ሽማግሌዎቹ ያነሡባቸው ግን ድልድይ ነው፤ ልጆች ትምህርት ቤት፣ ነጋዴ ገበያ የሚሻገርበት። ድልድዩ ተሠራ። ከዚያ በኋላ ነው ወንድና ሴት፣ ሽማግሌና ወጣት በአንድ ላይ ተቀምጠው፣ በአደባባይ ተነሥቶ የማያውቀውን የግርዛት ነገር ደጋግመው የተነጋገሩት። ንግግሩ ዓመታት ወሰደ። ያልተገረዘች ሙሽራ በአደባባይ ተዳረች፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም ቤት ይፈጽመው የነበረ ልማድ በአንድ ትውልድ ዕድሜ እጅግ መነመነ። እሳቸው በ2012 ዓ.ም. አረፉ።

ድልድዩን እንደ ማባበያ የሚቆጥሩት አሉ። እኔ እንደዚያ አላየውም። ድልድይ የጠየቀ ሰው የሚያስፈልገውን ያውቃል፤ የሚያስፈልገውን የሚያውቅ ሰው ስለ ልጁ አካልም ማሰብ ይችላል ብሎ ማመን ነው። ደግሞም አብሮ ሲሠራ ማን ቃሉን እንደሚጠብቅ፣ ማን ሲሚንቶ እንደሚሸሽግ ይታያል። አስቸጋሪው ነገር ሲመጣ በማን እንደምትደገፊ ያወቅሽው በቀላሉ ነገር ጊዜ ነው።

ስትጠይቂ «ችግራችሁ ምንድን ነው?» አትበይ። ለዚያ ጥያቄ ሰዉ የተዘጋጀ መልስ አለው፤ ውሃ፣ መንገድ፣ ጤና ጣቢያ ብሎ ይዘረዝርልሻል፤ ከአንቺ በፊት የመጡት በነጭ ላንድክሩዘር ጽፈውት ሄደዋል። «ባለፈው ጊዜ ምጥ ሲጠናብሽ ማንን አስጠራሽ?» በያት። «ላሞቹ ሲያልቁ መጀመሪያ እህል የሰጠሽ ማን ነው?» በያት። ከአሥር ቤት በስድስቱ የአንዲት ሴት ስም ከተጠራ፣ የምትፈልጊያት ሴት እሷ ናት። ስብሰባ ላይ ላትናገር ትችላለች። ብዙውን ጊዜ አትናገርም። ወተት ይዘው መንገድ ዳር ከሚቆሙት ሴቶች ጋር ማለዳ ቁሚ፤ ቦኖው ጋ ጄሪካን ይዘሽ ተሰለፊ፤ በኦሮምኛሽ ይሳቁብሽ።

ለሕዝቡ መረዳዳትን ላስተምር እንዳትዪም። ቡሳ ጎኖፋ እያለ የቦረናን ሰው መረዳዳት ማን ያስተምረዋል? ከብቱ ያለቀበትን ሰው ወገኑ ከብት ሰጥቶ ያቆመዋል። ክልሉም ስሙን ወስዶ መሥሪያ ቤት አቋቁሞበታል፤ የመንግሥቱንና የጎሳውን ለይተሽ እወቂ። ነገር ግን ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ሲከዳ ምን እንደሆነ አይተሻል። ሰጪው ራሱ ተቀባይ ሆነ። ከብት የሚሰጥ ሁሉ ከብት ሲያጣ የጎሳው ሥርዓት የሚደገፍበት ሌላ ነገር ያስፈልገዋል፤ የእህል ጎተራ ይሁን፣ የቁጠባ ቡድን ይሁን፣ የሣር ክልል ይሁን እነሱ ያውቃሉ። አዲሱ ነገር አሮጌው ላይ ይተከል እንጂ አሮጌውን ነቅሎ አይቁም።

አሁን ስለ አንቺ ሴትነት። በገዳው ሸንጎ ላይ ወንበሩ የወንዶች ነው፤ ይህን አንቺ ከእኔ ይልቅ ታውቂያለሽ። በስምንት ዓመት አንዴ የሚሰበሰበው ጉሚ ጋዮ ሕግ ያወጣል፣ ያሻሽላል፤ አባ ገዳው እንኳ ከጉሚው በላይ አይደለም። ትልቅ ነገር ነው፤ ዩኔስኮም በ2009 ዓ.ም. ገዳን በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። ሴቶቹ ከዚያ ክብ ውጭ ናቸው ማለት ግን አቅም የላቸውም ማለት አይደለም። እዚህ በጉጂዎች ዘንድ ሴት ስትበደል ሴቶቹ ሲንቄ የሚባለውን በትራቸውን ይዘው በአንድ ላይ ከቤት እንደሚወጡና በደሉ ሳይካስ እንደማይመለሱ ታውቂያለሽ። ላም የሚያልብ፣ ልጅ የሚያጠባ ሲጠፋ ሽማግሌ በራሱ ፈጥኖ ይሰበሰባል። ይህ ልማድ ለአንቺ ከማንኛውም የስልጠና መጽሐፍ ይበልጣል። ሽማግሌዎቹን ግን ከሴቶቹ ኋላ ሆነሽ አትሽሺያቸው፤ ቀድመሽ ሂጂ፣ ሰላምታውን በሙሉ ተለዋወጪ፤ ስለ ከብቱ፣ ስለ ሣሩ፣ ስለ ልጆቹ ሳይጠየቅ ወደ ጉዳይ አይገባም።

ከገዳው አንድ ነገር ውሰጂ። በ2017 ዓ.ም. ኩራ ጃርሶ ሥልጣኑን ለጉዮ ቦሩ ሲያስረክቡ አይተናል። ስምንት ዓመት ሞላ፤ አስረከቡ፤ በቃ። የምታቋቁሚው ኮሚቴ የሚወርድበት ቀን ከሚወጣበት ቀን ጋር አብሮ ይጻፍ። ሰብሳቢው ሞት ካልወሰደው በቀር የማይወርድበት ዕድር እኔም አንቺም እናውቃለን፤ ስሙን አልጠራም፤ እናትሽ ደብዳቤውን ታነበዋለች።

የከተማው ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ነገሌ ያደገ ሰው ጉጂውን፣ ቦረናውን፣ ሶማሌውን፣ አማራውን፣ ጉራጌውን በአንድ ቀን በአንድ ገበያ ያገኛል፤ ፀቡንና ፍቅሩንም ያውቃል። በ2015 ዓ.ም. ምሥራቅ ቦረና ዞን ሲመሠረትና ነገሌ መቀመጫው ስትሆን ጉጂ ላይ የተነሣውን ተቃውሞ ታስታውሻለሽ። ማን ልክ ነበር ለማለት አይደለም። በዚህ ቆላ የውሃ ጥያቄ ስታነሺ በብዙ ጆሮ መጀመሪያ የሚሰማው የወሰን ጥያቄ ሆኖ ነው። አንድ ኩሬ ከማስጠረግሽ በፊት ባለፈው ድርቅ ማን ማን እንደጠጣበት ጠይቂ፤ ዛሬ እዚያ የሌሉትን ጭምር። ሳትጠይቂ ያስጠረግሽው ኩሬ ሰው ሊያጋድል ይችላል። የተራራቁ ሰዎች በአንድ ጥያቄ ይቆማሉ ወይ ካልሽኝ ይቆማሉ፤ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሙስሊሞች ለእምነታቸው እኩልነት ሰልፍ ሲወጡ ክርስቲያኖች አብረዋቸው ወጥተዋል።

ስለ ቁጣ አንድ ነገር ልጨምር። ጎረቤታችን ሻኪሶ፣ የለገደንቢ የወርቅ ማዕድን ሰውና ከብት ጎዳ ብለው ነዋሪዎቹ ለዓመታት አቤት ብለዋል። በ2010 ዓ.ም. ፈቃዱ ለአሥር ዓመት ሲታደስ ሕዝቡ መንገድ ላይ ወጣ፤ ግንቦት ላይ የማዕድን ሚኒስቴሩ ፈቃዱን አገደ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ማዕድኑ ወደ ሥራ ተመለሰ። ሰልፍ ያሳግዳል፤ ታግዶ እንዲቆይ ወይም ተስተካክሎ እንዲከፈት የሚያደርገው ግን ከሰልፉ ማግሥት ያለው ሥራ ነው። የታመመ ልጅ ካለ ቀኑ፣ የሞተ ከብት ካለ ቁጥሩ፣ የተቀዳ ውሃ ካለ ቦታው በደብተር ይጻፍ። ደብተሩ ሁለት ይሁን፣ በሁለት ቤት ይቀመጥ። ባለሥልጣን ይቀየራል፤ አዲሱ «እኔ አልነበርኩም» ሲል ደብተሩ ነበረ።

ይህንንም አጥብቄ እልሻለሁ። አንቺ ማታ ወደ ያቤሎ የምትመለሺበት መኪና አለሽ፤ እነሱ እዚያው ያድራሉ። አደጋ ያለበትን ውሳኔ የሚወስን አደጋው ቤቱ የሚያድርበት ሰው ብቻ ነው። አንቺ የምታውቂውን ሕግ ንገሪያቸው፣ ሊመጣ የሚችለውን ሳትሸሽጊ አስረጂ፣ ከዚያ ዝም በዪ። ፈርተው ከተዉት ፈሪዎች ናቸው ብለሽ ለሰው እንዳታወሪ።

ስለ ወረቀቱ ጉዳይ አጭር ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ 621 በመብት ጉዳይ የሚሠሩትን ከገቢያቸው ከመቶ አሥር በላይ ከውጭ እንዳያመጡ አስሮ ብዙዎቹን አዘግቷል። በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ያንን አንሥቷል፤ ዕድርና ዕቁብ ደግሞ በዚህ አዋጅ አይገዙም። ሴቶቹ ዛሬውኑ ማኅተም እናውጣ ካሉሽ አትቸኩዪ። ማኅተም ያለው ሁሉ የሚቆለፍ ሳጥን ይፈልጋል፣ ኦዲት ይፈልጋል፣ ጸሐፊ ይፈልጋል። መዋጮ ግን ከመጀመሪያው ቀን ይኑር፤ አምስት ብርም ትሁን። ያልከፈለበትን ነገር ሰው አይቆጣጠርም። የውጭ ገንዘብ ሲመጣ ከመዋጮው በልጦ እንዳይውጠው ተጠንቀቂ፤ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ታፔላው ብቻ ቆሞ የቀረበትን ቦታ ከዚህ እስከ ሞያሌ መንገድ ዳር ታያለሽ።

ድካም ሲይዝሽ እረፊ። ዓርብ ማታ ከሥራሽ ጋር የማይገናኝ ወዳጅ ይኑርሽ። የሩብ ዓመት ሪፖርትሽን በሰዓቱ ላኪ፤ አለቃሽን ያለ ምክንያት አታስቀይሚ፤ ሪፖርት ላይ ግን ያልሆነውን ሆነ ብለሽ አትጻፊ፣ ሴቶቹ አንድ ቀን ያነቡታል።

በአክስትሽ ልጅ እጅ በሶ፣ ድርቆሽና ያቺን ወፍራም ጋቢ ልከናል፤ ያቤሎ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። የባትሪው ቻርጀር ጋቢው ውስጥ ተጠቅልሏል፣ ስትዘረጊው እንዳይወድቅ። የዕድርሽን መዋጮ እስከ ታኅሣሥ እኔ ከፍዬልሻለሁ፤ ከጥር ጀምሮ በቴሌብር ለገንዘብ ያዡ ራስሽ ላኪ፣ ደረሰኙንም ጠይቂ። ቁጥሩን እናትሽ በቴክስት ትልክልሻለች።

አባትሽ